ደጃችን የታሰረችው ጀልባ

ሰኞ፣ ማርች 2
የዚህ የቾኮ አውራጃ ዝናብ... ከነጋ አላባራም። ጠዋት ጥቂት ሕፃናት ከተብኩ፤ ከዚያ ስጽፍ ዋልኩ። ለአንድ መርፌ ስንት ቦታ ነው የሚጻፈው? መዝገብ ላይ፣ ካርድ ላይ፣ ለኢንሹራንሱ፣ ለከተማው ቢሮ... የነርሶች ትምህርት ቤት ይሄን ማን ነገረን?
እዚህ ክሊኒክ ያረጁት ረዳት ነርስ፣ ዶኛ ዶሚቲላ፣ ሳቁብኝ።
"ልጄ፣ ገና ምኑን አየሽ! የወሩ ሪፖርት ሲመጣ ነው የምታለቅሺው።"

ረቡዕ፣ ማርች 11
ቅጾቼ ከከተማ ተመለሱ። ፊርማዬ ከመስመሩ ወጥቷል ተብሎ! የከተማው ቢሮ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ፦ "ሴኞሪታ፣ እንደዚህ ከሆነ ሥራሽን እንጃ።"
እሺ አልኩ። ምን ልበል? እናቴ የምትኖረው በዚህ ሥራ ነው።

ዓርብ፣ ማርች 20
ሌይዲስ የምትባል ነፍሰ ጡር መጣች። ከወንዙ ላይኛው መንደር፣ ከእናቷ ጋር፣ በትንሽ ታንኳ። ስምንት ወሯ ነው። እግሯ አብጧል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል። የደም ግፊቷን ለካሁ... ደግሜ ለካሁ። ያለንን መድኃኒት ሰጠኋት። ሆስፒታል መድረስ አለባት፣ አሁኑኑ።
የክሊኒኩ ሞተር ጀልባ ደጃችን ታስራ ቆማለች። ግን ከከተማ ፈቃድ ካልመጣ አትነሳም። ፈቃዱ የመታወቂያ ቁጥር ይፈልጋል። መታወቂያዋን ጎርፍ ወስዶታል። ቁጥሩን በቃሏ ነገረችኝ፣ በሬዲዮ ላክሁ። ቢሮው፦ "የሌላ ሰው ቁጥር ነው፣ አስተካክይ።" እንደገና ላክሁ። እንደገና...
እናቷ፦ "ሴኞሪታ፣ ኧረ ልጄን እይልኝ!"
"እያየሁ ነው፣ እማማ።"
ወረቀቱን ነበር የማየው።
ዶኛ ዶሚቲላ ጠጋ ብለው፦ "ጀልባዋን ብንፈታትስ?"
"ብባረርስ?"
ወደ ሌይዲስ ተመለሱ። እሳቸውም ጡረታቸው ደርሷል።
ፈቃዱ ሲመጣ ሌይዲስ መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር።

ቅዳሜ
ሁለቱም። እሷም፣ በሆዷ ያለውም። ሆስፒታል ሳይደርሱ... ወንዙ ላይ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 9
ተቆጣጣሪው ራሱ መጣ። የሌይዲስን ፋይል ገልበጥ ገልበጥ አደረገ።
"እንከን የለውም። አይዞሽ፣ ማንም አይነካሽም።"
"ጀልባዋን ፈትቼ ቢሆንስ?"
"ደግነቱ አልፈታሽም!"
እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። ለምን ጨበጥኩት?

እሑድ፣ ኤፕሪል 26
የሌይዲስን እናት ገበያ አየኋት። ሙዝ ትሸጣለች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ... "ደህና ዋልሽ፣ ሴኞሪታ" ብላ አቀረቀረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጁን 16
ቅጾቼ መመለስ አቁመዋል። አሁን ሳላስብ ነው የምጽፈው።
ከሰዓት አንድ ዓሣ አጥማጅ ሴት ልጁን ታቅፎ እየሮጠ ገባ። እባብ ነድፏታል። እግሯ ጠቁሮ አብጧል፤ ማልቀስ እንኳ ትታለች። ቀና አልኩና...
"መታወቂያዋን ይዘሃል?"
እኔ ነኝ ያልኩት። ከአፌ ነው የወጣው።
ሰውየው አልተቆጣም። ልጅቷን በአንድ ክንዱ ደግፎ ኪሱን ይፈትሽ ጀመር። ጻፍኩ። ፈረምኩ። ከዚያ ነው የመርዙን ማርከሻ መርፌ ያነሳሁት።
ተርፋለች። አመሻሽ ላይ አባትየው መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀልኝ።
"እግዜር ይስጥልኝ፣ ሴኞሪታ። ወረቀቱን ቶሎ ጨረስሽልኝ።"