መስኮታችንን በላሜራ ላሸጉልን ለወደቡ አስተዳዳሪ

ለተከበሩ የወደቡ ዋና አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ ይጽና፣ ጣሪያዎ አያፍስስ፣ ትራስዎም ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። የመጨረሻውን ምርቃት ከልቤ ነው የመረቅሁት፤ እርጥብ ትራስ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ለጠላቴም አልመኘውም።

እኔ ከማቆሚያው ጫፍ በታሰረችው አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ውስጥ ከአባቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን በዚህችው ጀልባ ላይ የፈጁ መርከበኛ ናቸው፤ ዛሬ ግን እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከአልጋ አይወርዱም። አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር ነው። የሚገባና የሚወጣውን ጀልባ ከዚያ ሆነው እያዩ፣ «ይሄ ደግሞ ሸራውን እንደ ታጠበ ልብስ አሰጣው እንጂ መች ሰቀለው!» እያሉ ሰውን ሁሉ ሲሳደቡ ይውሉ ነበር። ስድባቸው ሲበረታ ደህና ማደራቸውን አውቃለሁ።

መስኮቱ ያፈሳል። ማፍሰሱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ እርጅና ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ መስተዋቱን ከነፍሬሙ ማውጣት፣ የደረቀውን አሮጌ ማጣበቂያ እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ፣ አዲስ ጎማና ማጣበቂያ አድርጎ መልሶ መግጠም፣ ከዚያም እስኪደርቅ መታገስ። ጎማውም ማጣበቂያውም እቤቴ አለ፤ ሙያውንም አባቴ አስተምረውኛል። የጎደለኝ ጣሪያ ብቻ ነበር። ማጣበቂያው እርጥብ እንጨት አይይዝምና፣ ዝናቡም ፋታ አልሰጠንምና፣ ጀልባችን ለጥቂት ቀናት በወደቡ የጥገና ሼድ እንድትጠለል በትሕትና ለመንኩ። በሼዱ ውስጥ የሚኖረው የእንግዳ መቀበያ ጀልባዎ ነው፤ ውሃ ከነካ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ባላውቅም አቧራ እንዳይነካው ግን ልብስ ለብሷል። ጸሐፊዎ «እህቴ፣ ኮሚቴው ያየዋል» አለችኝ። ኮሚቴውም ሳያየው አልቀረም፤ ውጤቱን እያነሳሁ ላመስግን።

፩. እንግዶች ሊመጡ ነው ተብሎ ወደቡ ሲኳኳል፣ በመስኮታችን ላይ የለጠፍኩት ፕላስቲክ ገጽታ የሚያበላሽ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሠራተኞች ልከው መስኮቶቹን ሁሉ ከውጭ በላሜራ አሸጉልን፤ ነጭ ቀለምም ቀቡልን። ፎርማኑን «ወንድሜ፣ ውሃው እኮ የሚገባው በፍሬሙ ዙሪያ ነው፤ ላሜራ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ብለምነው፣ «እህቴ፣ እኛ የታዘዝነው እንዲያምር ነው እንጂ እንዳያፈስ አይደለም» አለኝ። እንዲህ ያለ ቅን ሰው በመቅጠርዎ ሊመሰገኑ ይገባል፤ በወደቡ ውስጥ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

፪. ላሜራውን ለማሰር የተበሳው የብሎን ቀዳዳ ሁሉ ዛሬ የየራሱን ውሃ ያወርዳል። ቀድሞ የሚያፈሰው በአንድ በኩል ስለነበር አልጋውን ገፋ እናደርግ ነበር፤ አሁን ግን፣ ዕድሜ ለእርስዎ፣ በሁሉም በኩል ያለ አድልዎ ስለሚያፈስ የምንገፋበት የለም። ልንኩል ብለው ዓይን አጠፉ የሚባለው ለካ ለእኛ ኖሯል!

፫. እንግዶቹ በመኪና መጡ፣ በቢሮዎ በር ገቡ፣ በዚያው በር ወጡ። ወደ ባሕሩ ዞር ያለ አልነበረም። ይህንን እንኳ እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ወሬ ይያዙልኝ።

፬. ላሜራው ይነሳልን ብዬ በመጣሁ ጊዜ የተሰጠኝን መልስ ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። መስኮቶቻችን ተጠግነዋል ተብሎ ጉዳዩ ስለተዘጋ፣ መስኮቷ የተጠገነ ጀልባ ደግሞ ሼድ ስለማያስፈልጋት፣ በገዛ እጄ ላንሳው ብል እንኳ ንብረት ማውደም ሆኖ ከወደቡ ስለሚያስባርረን፣ አርፌ እንድቀመጥ ተመከርኩ። ወይ ነዶ! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ስወቅጥ መክረሜን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሐኪሙ የአባቴን ደረት አዳምጦ ሲያበቃ ወደ ውጭ ጠራኝና ዝናቡ እስኪያባራ መቆየታቸውን እንደሚጠራጠር በቀስታ ነገረኝ። ስለዚህ ሼዱን ትቼዋለሁ፤ የእንግዳ ጀልባዎ በሰላም ይተኛ። የምለምንዎ አንዱን ላሜራ፣ ከአልጋቸው በላይ ያለውን ብቻ እንዲያነሱልን ነው። ያፍስስ፣ ግድ የለም። እርጥበቱን ለምደነዋል፤ ጨለማውን ግን አልቻልነውም። እንደማያነሱልን አውቃለሁ። የጻፍኩት ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን ሆዴ አልችል ብሎኝ ነው።

በቸርነትዎ ከአራቱም ማዕዘን የረጠበች፣ ለውበት ባለዎት ፍቅር የተነሳ በእኩለ ቀን ፋኖስ አብርታ የምትሰፋ፣ ወሮታዎን የምትከፍልበት አቅም ያጣች ትሑት ጎረቤትዎ፣

ከማቆሚያው ጫፍ ያለችው ልብስ ሰፊ

ከፊርማዬ በታች አንድ ነገር ልጨምር፦ አባቴ መሳደብ ትተዋል። በነቁ ቁጥር «ልጄ፣ አልነጋም እንዴ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እነግራቸው ነበር፤ «ነግቷል አባዬ፣ እኩለ ቀን ሆኗል፣ መስኮቱን ሸፍነውት ነው» ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ማዞራቸው አላስችል ብሎኝ፣ አሁን «ገና ነው፣ ይተኙ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም እሺ ብለው ይተኛሉ። ዛሬ ግን «ምነው ይሄ ሌሊት አልገፋ አለ?» አሉኝ። እርስዎ ዘንድ የሚነጋበት ሰዓት ካለ እባክዎ ያሳውቁኝ፤ እኔ የምነግራቸው ውሸት አልቆብኛል።