ገብስ ውስጥ የደበቅኩት ካሴት

ታዬ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ተዝካርህን አውጥተናል። የከተማችን የሞላሌ መብራት ዛሬም ሄድ መጣ ይላል። ፎቶ ቤትህን ዘግቼዋለሁ፤ ካሜራህ በነጠላዬ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሠርጋችን የቪዲዮ ካሴት ነው። የሰው ሠርግ ስትቀርጽ ኖረሃልና ለካሴት ያለህ ጥንቃቄ ለጉድ ነበር። እንደ መጽሐፍ አቁሚው፣ አይተሽ ስትጨርሺ ወደ መጀመሪያው መልሺው፣ ከአቧራና ከእርጥበት አርቂው ትለኝ ነበር። ከጓሳ ተራራ ብርድ ይዘኸው ስትገባ እንኳ የቤቱን ሙቀት እስኪለምድ ሳታጫውተው ታሳድረዋለህ። እውነቱን ልንገርህ፣ እቀናበት ነበር።

ከሰልስትህ ጀምሮ ታናሽ ወንድምህ ደምሴ ካሴቱን አየሽው ወይ ይለኝ ጀመር። በአርባህ ጠየቀኝ፤ ገበያ ባገኘኝ ቁጥር ጠየቀኝ። ምን ፈልጎ ነው አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አባትህ በሽማግሌ ፊት የላዩን የገብስ ማሳ ለእኛ መስጠታቸውን የተናገሩት እዚያ ካሴት ላይ ነው። ይህን ሊያጠፋብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ስለዚህ በበግ ጠጉር ዝተት ጠቅልዬ ጎታ ውስጥ፣ ገብሱ መሃል ቀበርኩት። እኛ አገር ውድ ነገር ሌላ የት ይደበቃል? ደምሴ ሲመጣ ጎታውን ተደግፌ ነበር የማወራው።

ባለፈው ሳምንት የዘር ገብስ ሳወጣ ካሴቱን አገኘሁትና ማጫወቻህ ውስጥ ከተትኩት። ሠርጋችን አለፈ፤ አባትህም ተናገሩ። ማጫወቻውን ላጠፋ ስል አንተ ብቅ አልክ። በርኖስህን ደርበህ፣ አልጋው ላይ፣ ከስተህ። ታመህ ሳለህ ጠበል ልቀዳልህ በሄድኩበት ቀን መሆን አለበት። ደምሴን ካሜራውን ቀረብ አድርገው አልከው። ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያለቀሰ ነበር መሰለኝ።

ስሜን ጠራህ። አንድ ነገር ልንገርሽ አልክ። ከዚያ ድምፅህ ጠፋ፤ ከንፈርህ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጥሎ ፊትህም በጭረት ተዋጠ። የካሴቱን መክደኛ ገልጬ ባየው ክሩ የገብስ ብናኝ ለብሷል፤ አንዳንድ ቦታም ሻግቷል። ደምሴ አልነካውም። እኔው ነኝ ታዬ፣ በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁህ።

ለካ አየሽው ወይ የሚለኝ ለዚህ ነበር፤ ያልከውን አሁን የሚያውቅ ደምሴ ብቻ ነው። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ እግሩ ላይ ወድቄ እጠይቀዋለሁ። ካሴቱን ጠርጌ፣ ደረቅ ቦታ፣ እንደ መጽሐፍ አቁሜዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። ደምሴ የሚነግረኝንም ቃል በቃል እይዘዋለሁ። ሲነግረኝ ግን ዓይን ዓይኑን ማየቴ አይቀርም፤ ጠርጣራ ጠባዬን ታውቀው የለ።

ባለቤትህ