ከዱባይ ፍኖተ ሰላም በአራት ሰዓት

ይድረስ ለተከበሩ የመንገደኞች መረጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ፍኖተ ሰላም

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ደጅዎም ከባለጉዳይ የጸዳ ይሁንልን እያልሁ፣ በቅድሚያ አንድ ከባድ መርዶ ላረዳዎ እገደዳለሁ። በግድግዳዎ ላይ የተሰቀለው የአየር ጉዞ ሰሌዳ የቀኝ ሚስማሩ ላልቷል። መርዶ ቆመው አይሰሙትምና ተቀምጠው እንደሚያነቡት እተማመናለሁ፤ ለነገሩ መቼ ቆመው ያውቃሉ!

ሰሌዳው «ዱባይ – ፍኖተ ሰላም፣ የአራት ሰዓት በረራ» ይላል፤ ማኅተምም አለው። ፍኖተ ሰላም አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ወደፊት ሲሠራ ሰሌዳው ቀድሞ እንዲጠብቀው ብለው ካርታውን በማስመሪያ ለክተው እንዳስጻፉት ግን ዘግይተን ሰማን። ስለ አርቆ አሳቢነትዎ እያመሰገንሁ ቅሬታችንን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጎረቤቴ፣ ከእናንተ አለፍ ብላ ባለችው በጅጋ ከተማ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩት ሐጂ ያህያ፣ ጎሕ ሲቀድ አረፉ። በእስልምናው ደንብ ሬሳ አይቆይም። ሆኖም ሐጂ፣ ዱባይ ያለው ልጃቸው ሰዓድ በገዛ እጁ መቃብር እንዲያስገባቸው ተናዝዘው ነበር። ሴት ልጃቸው ዙለይካ ሰሌዳዎን በስልኳ አንስታው ኖሮ ለሽማግሌዎቹ አሳየች። መንግሥት ሲለካ የባሕር ዳሩን ማረፊያም፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን የመኪና መንገድም ቆጥሮ ነው ብላ አመነች። ሽማግሌዎቹም ለጥንቃቄ ሰዓቱን እጥፍ አድርገው ቀብሩን አቆዩት።

ሁለተኛ፤ እኛ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው እንደ አገራችን ወግ መቃብሩን ቆፍረን፣ ዶማችንን ተደግፈን ሰማይ ሰማይ ስናይ ዋልን። ጓደኛዬ ታከለ «ሰማዩን ለክተው ሲያበቁ መሬቱን ለማን ተዉት?» ቢል፣ መሬቱ በእርስዎ ሥልጣን ሥር እንደማይወድቅ ገልጬ ገሠጽሁት። ሰማዩስ መቼ ወደቀ ቢለኝ ግን የጉድጓዱን አፋፍ ወደ ማስተካከሉ ዞርሁ።

ሦስተኛ፤ ሰዓድ ሰማዩን በእውነት ፈጥኖ አቋረጠ። አዲስ አበባ ወረደ፤ ባሕር ዳር ደረሰ፤ ቡሬ ላይ ግን መንገዱ ተዘግቶ፣ ገመድ ተወጥሮ ጠበቀው። አባቴን ልቅበር ብሎ ቢለምን፣ የገመዱ ጠባቂ አባቱ ያልሞተበት ማን አለ ብሎ መለሰው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹ ከዚህ በላይ ማቆየት ነውር ነው አሉ። የሐጂ ወንድም አብዱሰመድ ለሰዓድ ደውሎ ስልኩን ከመቃብሩ አፍ ላይ ዘረጋው። ሰዓድ ከገመዱ ማዶ ቆሞ፣ አባቱ ላይ የሚወርደውን አፈር በጆሮው ሰማ። መንገዱ ሲዘጋ ስልኩ አለመዘጋቱን እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥረነዋል።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ልመና ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ባዶ ቦታ ከተረፈ «ቡሬ – ጅጋ» የምትል አንዲት መስመር ያስጨምሩልን። በእግርም በመኪናም አልሆነምና የበረራውን ሰዓት ብናውቀው።

ማስመሪያዎ ከማይደርስበት መሬት ላይ ሆኜ፣ ዶማዬን አስቀምጬ እጅ የምነሣ፣
ባምላኩ ደረሰ
የጅጋ ነዋሪ፣ የዕለቱ መቃብር ቆፋሪ

ማረሚያ፦ ከላይ ሚስማሩ በራሱ የላላ አስመስለን ያቀረብነው ስሕተት ስለሆነ እንደሚከተለው ተስተካክሏል። ሰዓድ በማግሥቱ ገመዱ ሲፈታ መጥቶ የአባቱን መቃብር በእጁ ዳበሰ፤ አፈሩን ሳያራግፍም ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄዶ ሰሌዳውን ሊያወርደው ታገለ። አልወረደለትም። በሰሌዳው መስታወት ላይ ከእጁ የቀረው አፈር ቆሻሻ አለመሆኑ ታውቆ፣ እንዳይጠረግ ትእዛዝ ይስጡልን።