«ኮይ» የተባለው ዘፈን

ጌትዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን የምትልክበት መንገድ የለም። ስለዚህ የኛን ላስቀድም፤ እኔና ልጅህ ደህና ነን። ከተለያየን ሃያ ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። እዚህ ጣልያን፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ያለችው ቤታችንም ያቺው ናት። ሰማያዊ የቀባኸው የበረንዳ ብረት እየዛገ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፤ ሁለቴም ሰማያዊ አስቀባሁት። አኮርዲዮንህ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ልብስህን ሰጥቻለሁ፤ ቡናማው ሹራብ ግን ቀርቷል፤ ብርድ ሲሆን እኔው እለብሰዋለሁ።

ሊያ አንተን ወጥታለች፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። ስትሞት ገና የሦስት ዓመት ልጅ ስለነበረች ድምፅህን አታስታውስም። ያለን ደግሞ አንዲት ካሴት ብቻ ነበረች፤ ያቺ ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ ያሉት የሐበሻ ሱቆች ፎቶህን መስታወታቸው ላይ የለጠፉላት። እሷንም እኔ በመስማት ብዛት ክሯን ጨረስኳት። መጨረሻ ላይ ድምፅህ እንደ ሰከረ ሰው ይጎተት ጀመር። ሊያ አንድ ቀን ይህን ሰምታ፣ ፓፓ እንዲህ ነበር የሚዘፍነው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ እንዳልላት ውሸት ነው፤ አይደለም እንዳልላት የማሰማት የለኝም። ያን ቀን ዳግመኛ የሞትክብኝ መስሎኝ አለቀስኩ።

እሷ ግን ለቅሶዬን ትታ ካሴቷ ሽፋን ላይ የቀረጸህን ሰውዬ ስም አገኘችና ፈልጋ አስፈልጋ ደረሰችበት። ማውሮ ትዝ ይልሃል አይደል? ያ ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚረሳው ቀጫጫ ልጅ። አሁን ራሰ በራ ሆኗል፤ ቦርጭም አውጥቷል። ስቱዲዮው ከተዘጋ ቆይቷል። ማውሮ ግን ቴፖቹን ለመጣል አንጀቱ አልችል ብሎት ቤቱ ሥር ካለው ካንቲና፣ ከምድር ቤቱ፣ አስቀምጧቸዋል፤ እነዚያን የመኪና መሪ የሚያካክሉ ጥቅሎች፣ አንዱ ትራክ ላይ ድምፅህ፣ አንዱ ላይ አኮርዲዮንህ፣ አንዱ ላይ ከበሮው ለየብቻ የተቀዳባቸውን። የሚያጫውታቸውን ትልቁን ማሽንም አልጣለውም፤ ከሌላ ከሞተ ማሽን ዕቃ እየነቀለ ያኖረዋል። ወደ ኮምፒውተር ልገልብጥላችሁ አለ።

ለካ እንዲህ ያለ ክር ሲያረጅ ይጣበቃል፤ ከማጫወት በፊት በለዘበ እሳት መጋገር አለበት። መጋገር! ማውሮ ለዚሁ ብሎ ያስተካከላት ፎርኖ አለችው። ባሌን እንደ ላዛኛ ልታበስለው ነው ወይ ብዬ ስቀልድበት፣ ዳቦ ቢሆን በቀለለኝ አለኝ። አንተ ብትኖር ይህችን ነገር ዓመት ሙሉ ታወራት ነበር።

አንደኛው ሣጥን ላይ በማውሮ እጅ «ኮይ» የሚል ተጽፎበታል። ማውሮ እሱን ሲያወጣ ዓይኑ በራ። አሎራ፣ ይህ ካሴቱ ላይ ያልገባው ዘፈን ነው፤ ጌታሁን ከዘፈናቸው ሁሉ እሱን እወደዋለሁ አለን። እኔ ደግሞ ባሌ ኮይ የሚባል ዘፈን የለውም ብዬ ድርቅ አልኩ። ሊያ ምናልባት ረስተሽው ይሆናል ስትለኝ አኮረፍኩ። የዘፈንከውን ሁሉ ድስት ሳጥብ ሳይቀር የምትለማመደው በኔ ላይ አልነበረም እንዴ?

ችግሩ ያን ቴፕ ካንቲናው ውስጥ ውኃ አግኝቶታል። ቢጋገርም ማሽኑ ላይ ሲሮጥ ፊቱ ሊላጥ ስለሚችል የምንሰማው አንዴ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ማውሮ አስጠነቀቀን። በዚያች አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ከያዘው ያዘው፤ ካልያዘው ድምፅህ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ሊያ እጄን ያዘች።

መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ቀጥሎ ሳልክ። ሳልህን ዓለም ላይ ካለ ሳል ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ከዚያ «ቆይ» አልክ።

ከበሮው ጀመረ፤ «ቆይ፣ ትምጣ» ብለህ አስቆምከው። ማውሮ በልጅነት ድምፁ ሰዓቱ እየሄደ ነው አለህ፤ አንተ በዚያ በተሰባበረ ጣልያንኛህ ሚስቴ መንገድ ላይ ናት አልከውና «ቆይ፣ ማውሮ፣ ቆይ» ብለህ ጨረስከው። እሱ ደግሞ የዘፈኑን ስም የምትነግረው መስሎት ሣጥኑ ላይ ጻፈ። ቆ አልወጣለት ብሎ ኮይ! ሳቄ መጥቶ እንባዬ ቀደመኝ። ስነግረው ማውሮ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ያረፈድኩበት ሐሙስ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ሐሙስ ከሰዓት የእረፍቴ ነበር፤ መጥቼ ዘፈኑን ልቀበልህ ቀጥረኸኝ ነበር። የማስታምማቸውን ሲኞራ የምትረከበኝ ልጃቸው ዘገየችና አረፈድኩ፤ ሞባይል እንኳ አልነበረንም። እየሮጥኩ ስደርስ ስቱዲዮው ተዘግቶ አንተ የአኮርዲዮኑ ሣጥን ላይ ተቀምጠሃል። ዘፈኑ ገና አልበሰለም፣ ይቅር አልከኝ፤ ክንዴን ይዘህ ወደ አውቶቡሱ ወሰድከኝ። አመንኩህ። እስክትሞትም ሌላ አልነገርከኝም።

ዘፈኑ ግን በስሎ ነበር፣ ጌትዬ። አንዴ ዘፍነኸዋል። እኔ የምቀበልበት ቦታ ሲደርስ ዝም ትላለህ፤ አኮርዲዮኑ ብቻ ቀስ ይላል። ከበሮ መቺው እኔ ልቀበልህ ሲልህ፣ «የጽጌ ቦታ ነው» አልከው። የተከራያችሁት የስቱዲዮ ሰዓት በዚያው አለቀ። ዘፈኑን ከካሴቱ አስቀረኸው እንጂ ቦታዬን ለሌላ አልሰጠህም። እንዴት ብትወደኝ ነው? እንዴትስ ሳትነግረኝ ቻልከው?

ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይዟል። ማውሮ የተላጠውን ዱቄት በጥጥ እየጠረገ፣ ስክሪኑ ላይ ያሉትን መስመሮች አሳየን። የሁላችሁም ወጣ ገባ ይላል፤ አንዱ ግን ምንም ድምፅ ስላልተቀዳበት ቀጥ ያለ ነው። የኔ ነበር። ሊያ ማይኩን አመጣችና፣ እማ፣ ዳይ፣ በይ እንጂ፣ አሁን ተቀበዪው አለችኝ። ማውሮ ቀረጻውን ጀመረ፤ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ግን «ቆይ» ነበር። ማውሮ ሳቀና የአዲሱን ቅጂ ስም «ኮይ 2» ብሎ ጻፈው። ከዚያ ተቀበልኩህ። አንተ ያው ጎረምሳ ነህ፤ የኔ ድምፅ አርጅቷል፤ ለሰማን ሰው እናትና ልጅ እንመስላለን። ቢሆንም በየቦታዋ ገብቻለሁ፤ አንዷንም አላሳለፍኩም።

ሊያ ስልኳ ላይ ጭናሃለች፤ ሥራ ስትሄድ ሜትሮ ውስጥ ትሰማሃለች። ሳልህን ሳይቀር ታስመስላለች። እኔም ሐሙስ ከሰዓት ማንም ቢጠራኝ አልወጣም፤ ያንተን ሹራብ ለብሼ በረንዳው ላይ እቀበልሃለሁ። አንተን ሳላስብ የማሳልፈው ሐሙስ አይኖረኝም። የሚቀረኝ ወዳለህበት መምጣት ነው፤ እኔ ደግሞ ማርፈዴን ታውቃለህ።

ቆየኝ።

ጽጌ