የቡኒው በርሜል ጸሐፊ

ኅዳር 5፣ እሑድ

እኔ ሲሬ ኩጃቢ፣ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። ዛሬ ለምርጫ ኮሚቴው በተፈላው ሻይ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ጨምሬአለሁ። በስሕተት አይደለም። ስድስት ሽማግሌዎች ጠጡ። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። እያንዳንዱ የታመመው የራሱ ምላስ መስሎት ይሆን? አጎቴ ማላንግ እንኳ አጣጥሞ፣ «ዛሬስ ደህና ተፈልቷል» አለ።

ምን ላድርግ... ከጠዋት ጀምሮ ስለ ቀለም ሲከራከሩ ነው የዋሉት። የፓርቲው ዕጩ የነበሩት ሽማግሌ ልባቸውን አሟቸው ተዉት፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ሰዓት ሲቀረው አክስቴን ናናማን አስመዘገቧት። ሠላሳ ዓመት ስታዋልድ የኖረች ሴት። ለፕሬዚዳንትነት። እኛ ዘንድ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት አይደለም፣ ብይ በዕጩው በርሜል ውስጥ ጥሎ ነው። ሰማያዊው በርሜልም ቢጫውም ባለቤት አላቸው፤ ሁለቱ እኩል ለእኩል ናቸው ይባላል። ለዘገየ የተረፈው ቡኒ ነው። እንግዲህ በሃያ ቀን ውስጥ ሕዝቡ ብዩን ቡኒው በርሜል ውስጥ እንዲጥል ማስተማር...

«ቡኒ የመሬት ቀለም ነው» አለ አጎቴ።

«የዝገትም ነው» አለች አክስቴ።

የዘመቻው መሪ አጎቴ ማላንግ ነው። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ፤ ሲያስነጥስ እንኳ መግቢያና መደምደሚያ አለው። እኔን ጸሐፊ አደረገኝ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ብሎ። ደግ ነው። ደብተር ይዤ ስቀመጥ ማን ይጠረጥረኛል?

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ምባፋይ ሄድን። የሴሬር ጎሣ ሰዎች መንደር ነው። እንደ አጎቴ ካርታ፣ ሰማያዊውና ቢጫው ከተሞቹን ተካፍለዋል፤ ገና ያልወሰኑት እንዲህ ያሉት መንደሮች ናቸው። እነሱን ያገኘ አገሩን አገኘ።

አጎቴ ሃምሳ ደቂቃ ተናገረ። በሃያኛው ሴቶቹ ተነሡ። በሠላሳኛው ወንዶቹ። በመጨረሻ የቀረችው አንዲት ፍየል ናት። እሷም ታስራ ነው።

ውሃ ላመጣ ስሄድ ዋሊ ፋይ የሚባሉ ሽማግሌ ከጥላው ሥር ጠሩኝ። «እናንተ ጆላዎች፣ ይሄ ሁሉ ወሬ ምሳ እስኪደርስላችሁ ነው?»

«አባባ፣ ምሳችሁንማ አየነው። ሴሬር ሲያበስል ድስቱ ራሱ ያፍራል።»

ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ሴሬሮች ለእኛ ለጆላዎች የቀልድ ዘመድ ናቸው። ቢሰድቡን አንቆጣም፣ ብንሰድባቸው አይቆጡም። ሕፃን ሽማግሌን ቢሰድብ እንኳ ነውር የለውም። (ለእኔ የተፈጠረ ሥርዐት።) «የማን ልጅ ናት ይቺ ሆዳም? ኑ ስሟት!» እያሉ ሰው ጠሩ። እኔ ስሰድብ፣ እነሱ ሲመልሱ፣ ሜዳው ሞላ። ያኔ አክስቴ ተነሣች። «እናንተን ያዋለድኳችሁ እኔ ነኝ፤ ሴሬር ሲወለድ መጀመሪያ የሚመጣው አፉ ነው» አለች። ከዚያ ስለ ክሊኒክ፣ ስለ መንገድ... ሁሉንም ሰሟት።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

አጎቴ ስልት አገኘሁ ይላል። አገኘሁ! እሺ፣ ይሁንለት።

ዐሥራ ሁለት ስድብ በተራ ቁጥር ጻፊልኝ አለ። የሚነበብባቸውን የሴሬር መንደሮች ዝርዝርም። ጻፍኩ። መነጽሩን አድርጎ መስታወት ፊት ሲለማመድ አየሁት፤ «ሆ-ዳ-ሞች» ይላል፣ የተማሪ ስም እንደሚጠራ። አክስቴ ከጓዳ ሆና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ሦስት መንደር ሄዶ በሦስቱም ተሳካለት። ሲያነበው ስለማያምርበት ይሆን ይበልጥ የሚያስቀው?

ኅዳር 15፣ ረቡዕ

መጻፍ አልቻልኩም። ነገ።

ኅዳር 16፣ ሐሙስ

እሺ። ሲንቹ ዋራን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እዚያ ያለውን ባለሱቅ አውቀዋለሁ፤ ሴሬር ነው። መንደሩም የሴሬር መሰለኝ። ማንንም አልጠየቅኩም። ለካ ሴሬሩ እሱ ብቻ ነው። የቀሩት ሰራሁሌዎች ናቸው፤ ከእኛ ጋር ምንም የቀልድ ዝምድና የላቸውም።

አጎቴ አነበበ። «ሩዛችንን በልታችሁ የማታመሰግኑ ሆዳሞች...» ማንም አልሳቀም። የመንደሩ ሹም ቀስ ብለው፣ «ወንድሜ፣ እኛ ከእናንተ ጋር ምን ቀልድ አለን?» አሉ። አጎቴ መልሰው የሰደቡት መሰለውና ቁጥር ሁለትን ቀጠለ። እስከ ቁጥር አምስት ደረሰ። ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ሲነሡ ነው የገባው።

አንዱ በስልኩ ቀርጾታል። ዛሬ ያላየው ሰው የለም። ከሥሩ «ቡኒዋ ሕዝብ ታሰድባለች» ተብሎ ተጽፏል። የሰማያዊው ዕጩ ደወለ፣ የቢጫውም ደወለ፤ ሁለቱም እጅግ አዝነውልናል፣ ሁለቱም አክስቴን ለእኔ ብትለቂልኝ ይሏታል።

አክስቴ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ሲንቹ እስከ ረቡዕ ይቅር ካላለን እወጣለሁ። ሰው አሰድቤ ቤተ መንግሥት አልገባም» አለች። ከዚያ፣ «ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ» አለ አጎቴ ማላንግ። «ዝርዝሩንም፣ ስድቡንም።»

መሪነቱን ነጠቁት። ወንበሩንም። ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ወደ እኔ አላየም። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ቃለ ጉባኤ ያዝኩ።

ኅዳር 19፣ እሑድ

አጎቴ ሦስት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ሲንቹ እየሄደ ሹሙ ደጃፍ ሲቀመጥ ይውላል። ግባ የሚለው የለም። ማታ አቧራ ለብሶ ይመጣል።

ውሃ ሰጠሁት። «አጎቴ፣ ለምን...»

«ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሳያስብ የሚያነብ ነው ጥፋተኛው። ተቆጣጣሪ ሳለሁ ስንቱን ገርፌበታለሁ መሰለሽ።»

«ግን የጻፍኩት...»

«አንቺ ገና ብዙ ትጽፊያለሽ። እኔ ከእንግዲህ ምን አነባለሁ?» ውሃውን ጨርሶ፣ «ደግሞ ቁጥር ሰባት ጥሩ ነበር። ሳይደርስ ቀረ» አለ።

መቀለዱ ነው? አጎቴ ማላንግ?

ኅዳር 20፣ ሰኞ

ብስክሌት ለምኜ ምባፋይ ሄድኩ። ለዋሊ ፋይ ሁሉን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አልሳቁም።

«የቀልድ ዘመድ ለመሳሳቅ ብቻ ይመስልሻል እንዴ፣ አንቺ የጆላ ሆዳም? ሲያጠፋ ሄዶ የሚለምንለት ማን ሆነና?»

«ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ። አንቺም አፍሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። ቤት ትተሽው እንዳትመጪ።»

ኅዳር 22፣ ረቡዕ፣ ሲንቹ ዋራ

ምንጣፉ ጫፍ ላይ ነኝ። ቃለ ጉባኤ የምይዝ ይመስላቸዋል። አጎቴ የይቅርታ ኮላ፣ ያን መራራ ፍሬ፣ ይዟል፤ ከተቀበሉት ምረዋል ማለት ነው።

ዋሊ ፋይ ቆመው ይለምናሉ። ልመና ከተባለ። «እነዚህን ጆላዎች የማውቃቸው እኔ ነኝ። ድስት ከሸተታቸው ዐይናቸው አያይም። ዘመዱን ከባዕድ የማይለይ ሰው ምን ይደረጋል? ዝሆን አቁሞ ፍየል ነው ብሎ ያልባል። በእኛ በሴሬሮች ይዣችኋለሁ፣ ሞኞቻችንን ማሩልን።» አክስቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። አጎቴም። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ሹሙ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሹሙ ተናገሩ፦ «ግማሹን ስለ ሽማግሌው ምረናል። ኮላውን ግን የምቀበለው ከጻፈው ሰው እጅ ነው።»

አጎቴ ኮላውን በሁለት እጁ ዘረጋ።

አዩት። አልተቀበሉትም። «ወንድሜ፣ ያን ዕለት ንግግርህን ሰምቼሃለሁ። ይህን አንተ አልጻፍከውም።»

«እኔ ነኝ።»

እጁ እንደተዘረጋ ነው። የአክስቴ የመውጫ ደብዳቤ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ትናንት በእኔ ጽሕፈት የተጻፈ። ኮላውን ካልተቀበሉት ከሰዓት በኋላ ታስገባዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መብራት በሌለበት ስታዋልድ... መብራት አስገባለሁ ያለችው ሁሉ...

ይህን ዐረፍተ ነገር ስጨርስ እነሣለሁ።

ይህን ስጨርስ።

በሃምሳ ደቂቃ ንግግሩ ስንት ጊዜ ሳቅኩበት። የዛሬው ንግግሩ ሁለት ቃል ነው። ሁለቱም ውሸት። ከሰማኋቸው ንግግሮቹ ሁሉ... ዞሮ እንኳ አያየኝም፣ ዐይኑ እንዳያሳብቅብኝ።

ሰው ፊት መናገር መቼ ፈርቼ አውቃለሁ?

የሚሰማው የእኔ ብዕር ብቻ ነው። አክስቴ ቀና አለች። የምታየው እኔን አይደለም፤ ብዕሩን ነው።

«ሲሬ» አለች።