ብርሃን የምትበላዋ ቀንድ አውጣና የአባዬ ጾም

የካቲት 10፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 4፡20፣ የመምህራን ማረፊያ

ሻይ በዳቦ። የሁዳዴ ሁለተኛ ቀን፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ። ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው፣ ደብተሬ፤ አባዬ ቢሰማ ጉድ ይፈላል።

2ኛ ክ/ጊዜ ላይ ተዋረድኩ። 10ኛ ቢ። ምግቡን ራሱ የሚሠራው ዕፅዋት ነው፣ እንስሳ ፈልጎ ይበላል አልኩ። በየዓመቱ የምለው ነው። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ብርሃን የምትበላ የባሕር ቀንድ አውጣ አለች፣ በስልክ አይቻታለሁ አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እሱ ነው አሁን የሚቆጨኝ።

አሁን ፈለግኳት። አለች። ዛጎል የላትም። የጎመን ቅጠል ነው የምትመስለው፣ ጅማቱ ሳይቀር። አልጌ መጥምጣ የአልጌውን አረንጓዴ ነገር፣ ክሎሮፕላስቱን፣ ሳትፈጨው ቆዳዋ ሥር ታኖረዋለች። ከዚያ ፀሐይ ላይ ትዘረጋለች። ወራት ያለ ምግብ ትቆያለች ይላል። ሌባ ናት እንግዲህ፤ የሰው ምድጃ ከነእሳቱ ይዛ የሄደች።

ነገ ልጅቷን ክፍል ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጎንደርና ባሕር ምን አገናኛቸው? ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

የዚያው ዕለት፣ ማምሻ

ምላሴን ይቁረጠው። ለአባዬ ነገርኩት።

አባዬን ታውቂዋለሽ። ዕድሜውን ሙሉ የሳንጃን ሰሊጥ በጭነት መኪና ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ጡረተኛ፣ የስኳር ሕመምተኛ። ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ይወጋል። ሐኪሙ መርፌ ወግተህ ሳትበላ አትዋል ብሎታል። የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ ፈቅደውለታል። እሱ ግን በጾሙ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። መንገደኛ ነኝ እያልኩ በየሆቴሉ የበላሁት ጾም ሁሉ ዕዳ አለብኝ ይላል፤ ሳልከፍል አልሞትም ይላል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብሶበታል።

ቀንድ አውጣዋን የነገርኩት ለጨዋታ ነበር። ዓይኑ በራ። ጣራችን ላይ ሶላር የሰቀለው እሱ ነው። ባትሪ አላት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደመና ሲሆንሳ? የጥሩ ተማሪ ጥያቄ። ደስ ብሎኝ ሁሉንም አስረዳሁት። ሲያበቃ ጉልበቱን መታ አድርጎ፣ «እንዲያ ከሆነማ ሸጋ። ያች ትል ወራት ከቆየች እኔ እስከ ዘጠኝ ምን እሆን ብለሽ ነው?» አለኝ።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። ክፍሉ አጨበጨበ። ለእሷ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

አባዬ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ለሚያልፈው ሁሉ ቻርጅ እያደረግሁ ነው ይላል። ሰፈሩ በሳቅ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከንፈሩ ደርቋል።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ወደቀ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነች ያገኘችው። ከበርጩማው ተንሸራቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አያ ደሴ ብትለው አላወቃትም። ስኳር በውኃ በጥብጣ በማንኪያ አጠጣችው። ከት/ቤት በባጃጅ በረርኩ። ጤና ጣቢያ አደረስነው። ነርሷ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እያለች ግሉኮስ ሰቀለችለት።

ሲነቃ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዛሬ ደመና ነበረ አለ።

ጤና ጣቢያው ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እኔ ነኝ የመረቅኩለት። በገዛ አፌ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት ይበላል። ተመስገን።

ዓይኔ እስኪደክም አነበብኩ። ለካ ማክሰኞ ያነበብኩት ግማሹን ነው። ያች ቀንድ አውጣ ምግብ ስታጣ ታንሳለች። ትከሳለች፣ አረንጓዴዋ ይገረጣል። ጨለማ ውስጥ ያኖሯቸውም ብዙ ቆይተዋል፤ እና ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚመግባት ሊቃውንቱ ራሳቸው ይከራከራሉ። ያስቀመጠችውን ቀስ በቀስ እየበላችም ይሆናል። አልሞተችም ማለት ጠገበች ማለት አይደለም። ይህን ማክሰኞ ማወቅ ነበረብኝ።

ለአባዬ ተሳስቻለሁ አልኩት። መምህር ስሆን እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። እሱ ግን፣ «ምነው፣ ያንቺ ስልክ በየቀኑ ነው ቃሉን የሚለውጥ?» አለ። በዓይኔ ያላየሁትን አልቀበልም አለ። ባሕር ወርደሽ አምጫት አለ።

ባሕር የለኝም። የቀሐ ወንዝ ግን አለኝ።

የካቲት 15፣ እሑድ። 10፡00

ከቅዳሴ መልስ በነጠላዬ ቀሐ ወረድኩ። ከመኪና አጣቢዎቹ ከፍ ብሎ፣ ውኃው ረጋ ያለበት ዳር። የእናቴን የጠጅ ብርሌ በውኃና በቅጠላ ቅጠል ሞላሁ። አንዲት ሴትዮ ጠበል መስሏት ቆማ አየችኝ።

ቤት መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ሰዓት ሙሉ ምንም። ከዚያ ከአንድ ቅጠል ሥር እንደ ክር ቁራጭ የሚያህል ነገር ተንጠለጠለ። ሳር መሰለኝ። ተሸበሸበ። ሳር አይሸበሸብም።

አረንጓዴ ሃይድራ! ያቺ ደቃቅ የውኃ እንስሳ፣ በመጽሐፍ ብቻ ሳስተምራት የኖርኩት። አፏ ዙሪያ እጆች አሏት፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ። አረንጓዴ ያደረጋት ሰውነቷ ውስጥ የሚኖር አልጌ ነው። ይቺኛዋ ሌባ አይደለችም፤ ተከራይ ነው ያላት። እሷ ታስጠልለዋለች፣ እሱ ከብርሃን የሠራውን ያካፍላታል። አባዬን ጠራሁት። አጉሊ መነጽሩን ቀማኝ። እስካሁን አልመለሰልኝም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ። ከሰ. 10፡30

ሰኞም ትናንትም ጾመ። እትዬ ዘነበች ማር በማንኪያ ይዛ ትጠብቀዋለች። እኔ ት/ቤት ቆሜ የማስተምረውን አላውቅም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጠመኔዬን ጥዬ እሮጣለሁ።

ዛሬ ዘጠኝ ሳይሞላ ስገባ ከብርሌው ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። በጣቱ ዝም በይ አለኝ። ሃይድራዋ የውኃ ቁንጫ ይዛለች። በእጆቿ ጠምጥማ፣ ቀስ እያለች ወደ አፏ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቷታል። ቁንጫዋ ሆዷ ውስጥ ገብታ ጥቁር ነጥብ ሆነች።

ጿሚ ናት ያልሽኝ ሥጋ በላች አለ። ያውም በረቡዕ።

እስኪደክመን ሳቅን። ከዚያ ወደ ብርሌው ተመለሰ። ብርሃኑም አላት አለ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነች፤ ምግብ ከመጣላት ግን አትምርም። አቅሟን ታውቃለች አለ። መነጽሩን ሲያስቀምጥ እጁ እንደ ዓርቡ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማሩን እኔ አጎረስኩት፤ አልተከራከረም።

ያኔ ነው ቃሉ ከአፌ የወጣው። ሳንጃ መንገድ ላይ የበላኸው እኔን ሊያሳድግ ነው አልኩት። በልተህ ነድተህ፣ ነድተህ አስተማርከኝ። ዕዳ ካለ የእኔም ነው። እስከ ዘጠኝ እኔ ልጹምልህ፣ አንተ ጠዋት ብላ።

ማንኪያውን ልሶ መለሰልኝ። «ሻይ በዳቦሽንስ ማን ይብላልሽ?» አለ።

ያውቅ ኖሯል፣ ደብተሬ። ስንት ዓመት።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

የንስሐ አባቱ ዘንድ አብረን ሄድን። ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ደሴን ድሮም ፈትቸዋለሁ አሉ፤ እምቢ ያለው እሱ ነው። ያንቺ ጾም ለእሱ ቁጥር አይሞላለትም፣ ላንቺ ግን ሳያስፈልግሽ አይቀርም አሉ። ዓይናቸው ይስቅ ነበር።

አባዬ በመንገድ ላይ ቀድሞኝ ሄደ። በር ስንደርስ ከሰኞ ጀምሮ አለ። ጠዋት መርፌውን ወግቶ ይበላል። ከጥሬ እስከ ብስል የበላውን በስልክ ይነግረኛል። እኔም እስከ ዘጠኝ። ብታጭበረብሪ አውቃለሁ አለ።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 4፡20፣ የመምህራን ማረፊያ

ሁለተኛ ቀኔ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አላዞርኩም፤ የሌሎቹ ዳቦ ሽታ ግን ገደለኝ። የትናንቱን የቀን ስምንት ሰዓት ረሃብ አልረሳውም። እንዲህ ነበር የሚውለው? በዚያ ላይ መርፌ ወግቶ?

ብርሌውን 10ኛ ቢ ይዤ ገባሁ። ልጅቷ አጉሊውን ይዛ ሃይድራዋን አገኘቻት፤ ሁለት ሆናለች፣ ከጎኗ ልጅ አብቅላለች። ዕፅዋት ናት ወይስ እንስሳ ብለው ተጨቃጨቁ። አልዳኘሁም።

አሁን አባዬ ደወለ። ሽሮ ፍርፍር፣ ሙዝ፣ ሻይ ያለ ስኳር። ሁሉን ጨረስኩት አለ። ድምፁ ረግቷል። አንቺስ ምን በላሽ አለኝ።

ፀሐይ አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ።

4፡25። እስከ ዘጠኝ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ። ሆዴ ይጮኻል። ውጭ ወጥቼ እጅጌዬን ልጠቅልልና ቻርጅ ላድርግ።