የዐሥራ አንደኛው ዕትም ባዶ ገጽ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

መስከረም መጨረሻ፦ «የሰማይ ታንኳ» የተሰኘው ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ኮሚካችን ዐሥረኛ ዕትም ታትሞ መጣ።
ጥቅምት መጀመሪያ፦ የዐሥራ አንደኛውን ጽሑፍ ጨርሼ ለሠዓሊው ለጋትዌች ሰጠሁ።
ጥቅምት አጋማሽ፦ ጋትዌች የመጀመሪያዎቹን ገጾች በእርሳስ ነድፎ አሳየኝ።
ጥቅምት መጨረሻ፦ ኛማል ቀለም መቀባት ጀመረች።
ባለፈው ሳምንት፦ ኛማል ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ወደሚገኘው የሥራ ክፍላችን መምጣት አቆመች።
ዛሬ፦ ጋትዌች ያስረከበኝን ገጾች ሳገላብጥ ገጽ ዐሥራ ስምንትን ባዶ አገኘሁት።

የማውቀው የሆነውን ነው፤ ምክንያቱን አላውቅም።

ሁኔታው የሚያሠጋ ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ ጋትዌች ይስላል፣ ኛማል ቀለሙንና ፊደሉን ትሠራለች። ዐሥራ ሁለተኛው የመጨረሻው ዕትም ነው። ከሦስታችን አንዱ ከወጣ ግን ወደዚያ አንደርስም። የኛማልን ሰማያዊ ቀለም ዛሬ ከሰዓት በኋላ በራሴ ኮምፒውተር ለመተካት ሞከርሁ። ጠፈሩ የትምህርት ቤት ግድግዳ መሰለ።

ፋይሉ ዓርብ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በሚነሣው አውሮፕላን መሄድ አለበት። ባለፈው ጊዜ በኢንተርኔት ልከን ገጾቹ ተበላሽተው ስለ ደረሱ፣ አሁን ፍላሹን የሥራ ባልደረባዬ ባለቤት ይዛልን ትሄዳለች። ማተሚያ ቤቱ ተራችንን የሚጠብቅልን እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጋትዌችን ስለ ባዶው ገጽ ጠየቅሁት።

የገጹ ይዘት የሚከተለው ነው። በዐሥረኛው ዕትም ውስጥ ኮንግ የተባለው አብራሪ በድንጋጤ የመንኮራኩሩን በር ቀድሞ ዘጋው፤ የመሐንዲሷ የኛዳክ ወንድም ውጭ ቀርቶ ሞተ። በአዲሱ ዕትም ገጽ ዐሥራ ስምንት ላይ ኛዳክ በገዛ ኩባያዋ ውሃ ቀድታ ለኮንግ ትሰጠዋለች። እርሱ ግማሹን ይጠጣል፣ እርሷ ቀሪውን። አንድም ቃል የለም። ከጻፍኋቸው ገጾች ሁሉ የተሻለው ይህ ይመስለኝ ነበር።

ጋትዌች እርሳሱን በምላጭ እየቀረጸ፣ «መምህር፣ ይሄ ገጽ ሰው ይገድላል» አለኝ።

ሣቅሁ። እርሱ አልሣቀም።

«በኛ በኑዌር፣ መሀል ላይ ደም ካለ በአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም። ሽማግሌ ካልጨረሰ፣ የካሣው ከብት ካልተሰጠ፣ አይሆንም። የጠጣ ይሞታል። አንተ ላስታርቅ ብለህ ኮንግን መርዝ አጠጣኸው።»

ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ባደግሁበት መንደር የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁት ሽማግሌዎች አንድ ማዕድ ላይ ሲያቀርቧቸው ነበር። አብረው ከቈረሱ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ይህንን የሰው ልጅ ሁሉ ሥርዓት አድርጌ ወሰድሁት። ስለ መንኮራኩሩ ኦክስጅን ስጽፍ የፊዚክስ ባልደረቦቼን ጠይቄ ነበር። ስለ ኩባያው ማንንም አልጠየቅሁም።

«ጽሑፉ እጅህ ከገባ ቆየ፤ ለምን ያን ጊዜ አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«ያን ጊዜ ወረቀት ነበር።»

እርሳሱን አስቀምጦ ነገረኝ። ያጎቱ ልጅ ማታር በምትባለው የባሮ ዳር ከተማ የሞተር ጀልባ ይነዳል። በጥቅምት የመጨረሻዎቹ ቀናት ጀልባው ተገለበጠ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አልወጣም፤ የኛማል አጎት ነበሩ። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ነገሩ ግን አላለቀም።

ጠረጴዛው ላይ የውሃ ጆግና አንድ የቆርቆሮ ኩባያ አለ። ከመጀመሪያው ዕትም ጀምሮ ሦስታችንም የምንጠጣው በዚያው ኩባያ ነው። ሁለታችንም ተመለከትነው። ማናችንም አልነካነውም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አንድ ነገር ልመዝግብ። ሰኞ ማታ አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ቀለም ቀቢ መልእክት አዘጋጅቼ ነበር። ኛማል ሰንፋለች ብዬ ደምድሜ ነበርና። መልእክቱን ዛሬ ሳልልከው አጠፋሁት።

ከዚያ ለኛማል ደወልሁ። ስለ አጎቷ ኀዘኔን ገለጽሁላት፤ ሳልሰማ በመቆየቴም ይቅርታ ጠየቅኋት።

«እኔ አማኝ ነኝ መምህር» አለችኝ። በቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ ናት። «ይሄን የኩባያ ነገር አልፈራም።»

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

«እናቴ ትፈራለች። እኔ ደግሞ እናቴን እፈራለሁ።»

በጋትዌች ቅር ተሰኝታ እንደ ሆነ በጥንቃቄ ጠየቅኋት። ሣቀች። «በሱ? እሱ እንኳን ጀልባ ሳይክልም አይችልም! ምን አደረገኝ?» አለች። የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። አብራው ጠጣች የሚል ወሬ ማታር ከደረሰ ሽማግሌዎቹ የያዙት ዕርቅ ይበላሻል። ወሬ ደግሞ ማታር ለመድረስ ኔትወርክ አይጠብቅም።

ስለዚህ ለባዶው ገጽ ያሉኝን አማራጮች ዘረዘርሁ።

ሀ) ገጹን ማውጣት። ታሪኩ ይጎድላል።
ለ) እንደ ጻፍሁት ማተም። ከእንግዲህ አይታሰብም፤ ጋትዌችም አይስለውም።
ሐ) ሁለት ኩባያ ማድረግ።

ሦስተኛው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አንድ ችግር እስኪታየኝ ድረስ። መንኮራኩሩ ያለው አንድ የውሃ ታንከር ብቻ ነው። የተሳፋሪዎቹ ላብና ትንፋሽ ሁሉ ተጣርቶ ወደዚያው ይመለሳል፤ ይህንንም በሁለተኛው ዕትም በሥዕላዊ መግለጫ አስረድቻለሁ። አንድ ዕቃ የተከለከለ ከሆነ፣ ታንከሩ ራሱ አንድ ዕቃ ነው።

ለጋትዌች ደውዬ ይህንኑ አብራራሁለት።

«መምህር» አለኝ፣ «አሁን ሁሉንም ጨረስካቸው።»

ቢሆንም አልተውሁትም። ጋትዌችም ከሁለት ኩባያ ጋር የሚስማማ ንድፍ እንደሚሞክር ቃል ገባልኝ። ለኛማል የታንከሩን ችግር በቴሌግራም ጽፌ ላክሁላት። መልስ አልጠበቅሁም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ከኛማል አንድ ምስል ደረሰኝ። ገጽ ዐሥራ ሰባት ነው፤ ታንከሩ የሚታይበት። እኔ «ግራጫ ብረት» ብዬ ነበር የጻፍሁት። እርሷ የክረምቱን ባሮ አስመስላ ቀብታዋለች፤ ቡናማ፣ ድፍርስ፣ ከዳር እስከ ዳር የሞላ። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ «ታንከሩ ዕቃ አይደለም፣ ወንዝ ነው። ባሮን ማታርም ይጠጡታል፣ እኛም እንጠጣዋለን፣ የተጣላም ይጠጣዋል። በዚህ ማንም አልሞተም። ኩባያውን ብቻ ለዩ።»

ለጋትዌች አሳየሁት። «ይቺ ልጅ ገላገለችን» ብሎ ወዲያው ወንበሩን ሳበ።

ገጽ ዐሥራ ስምንት አሁን እንዲህ ነው። ኛዳክ ከታንከሩ በአንድ ወገን ትቀዳለች፣ ኮንግ በሌላው። ሁለት ኩባያ። ጀርባ አልተሰጣጡም። በመካከላቸው የሟቹ ወንድም የጠፈር ልብስ ተሰቅሏል። ዕርቅ የለም፤ ዕርቅ የሚጀመርበት ቦታ ግን አለ። አንድ የንግግር ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ነበር፤ ጋትዌች ተመለከተኝ፤ ሰረዝሁት።

መንኮራኩር ውስጥ ከብት ከሌለ ካሣው በምን ይሰጣል ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን ያውቀዋል። «ለመጨረሻው ዕትም ነው፤ አሁን ከነገርኩህ ቀድመህ ታበላሸዋለህ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኛማል ነበረች። የራሷን ኩባያና ውሃ በፌስታል ይዛለች። እናቷ የፈቀዱት በዚህ ብቻ ነው። ጋትዌችም የራሱን ይዞ ወደ በሩ አጠገብ ተዛወረ። ጆጉን ከጠረጴዛው አነሣሁት። እርሱ ዕቃ ነው ወይስ ወንዝ በሚለው ላይ መከራከር አልፈለግሁም።

ኛማል ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ መቀባቱን ቀጠለች። ከዚያ ጋትዌች አንገቱን አስግጎ፣ «የኮንግን አፍንጫ ምን አደረግሽው?» አላት።

«አንተ የሳልከውን ነው የቀባሁት። ክሰሰኝ።»

«ሽማግሌዎቹ አሁን ሥራ ላይ ናቸው። ተራ ያዢ።»

ሣቋን ለማፈን ሞከረች፣ አልቻለችም። እርሱም ሣቀ። እኔ ወደ ስክሪኑ ተመለከትሁ።

መብራት ሄደ። ሙቀቱ ከበደ፣ ማራገቢያውም ቆመ። የኮምፒውተሩ ባትሪ ቀይ ሳያበራ የመጨረሻው ፊደል ገባ። ሦስታችንም ዕትሙን አንድ ላይ አነበብነው። ከዚያ ወደ ፍላሹ ገለበጥሁት፤ ለጥንቃቄም በሌላ ፍላሽ ደገምሁት።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

በባጃጅ ወደ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ፍላሹን ለባልደረባዬ ባለቤት በእጇ አስረከብሁ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ቆሜ አየሁት። ይህን ማድረግ አስፈላጊ አልነበረም።

የማላውቃቸው ነገሮች አሉ። የማታር ሽማግሌዎች እንደገና ይቀመጣሉ ተብሏል፤ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። የጋትዌች ዘመዶች ከብቱን መቼ እንደሚያቀርቡ አላውቅም። ዕርቁ ከመጨረሻው ዕትም ይቅደም ወይም ይዘግይ፣ ያንንም አላውቅም። የዐሥራ ሁለተኛውን ጽሑፍ ግን ሰኞ እጀምራለሁ። በዚህ ጊዜ ጠይቄ ነው የምጽፈው።

ስመለስ ሁለቱም ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፤ እርሷ በመስኮቱ በኩል፣ እርሱ በበሩ በኩል። «ሄደ?» አሉኝ በአንድ ድምፅ። «ሄደ» አልኋቸው። የቆርቆሮውን ኩባያ አጥቤ መደርደሪያው ላይ ደፋሁት። ኛማል አየችኝ፤ «አትጣለው መምህር» አለች። አልጣልሁትም።

ቀኑ ሞቃት ነበር፣ ሁላችንም ጠምቶናል። እያንዳንዳችን ከያዝነው ቀዳን። ከአንድ ኩባያ አልጠጣንም።